ሊትር በሰከንድ

ከአቃቂ ድልድይ በታች፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ
ሩብ ሄክታር ጎመን አለኝ፣ ዳር ዳሩን የሽንኩርት አበባ፤
ለሦስት የገዛናት ሞተር፣ ሳል እንደያዛት አሮጊት፣
ገመዷን በሳብን ቁጥር ታጉረመርማለች ሌሊት።

«ውሃ ያለ ፈቃድ ትስባላችሁ» አለ ወረቀቱ።
ወረቀቱ ነው ያለው፤ ያመጣው ልጅ አንገቱን ደፋ፤
ሞተሯ ክዳን ላይ አኑሮ፣ ድንጋይ ጭኖበት ሲሄድ
ደገፋ አነበበና ወደ ወንዙ ዞሮ ተፋ።

ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ። መታወቂያ፣ የግብር ደረሰኝ፣
ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣
ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከጎረቤት የስምምነት ፊርማ፣
ከዚያም «ሲስተም የለም» የሚሉት የሙሉ ቀን መቀመጫ።
በአምስተኛው ምልልስ ቅጹ እጄ ገባ።

የውሃው መነሻ? ይላል። ወንዝ፣ ምንጭ፣ ጉድጓድ፤
ከአንዱ ሳጥን ውስጥ ራይት ይደረግ።
ምን ልበለው?
ከላይ ነው የሚመጣው፣ የሆቴል ድስት ታጥቦበት፣
የጋራዥ ዘይት፣ የፀጉር ቤት ቀለም፣
የሠርግ ማግስት ሳህን አለቅላቂ ተደፍቶበት፤
ከተማዋ ፊቷን ታጥባ የጣለችው እጣቢ ነው፤
ስትደፋው ማን ጠየቃት? ስቀበላት ነው የምጠየቀው።
ደግሞ ዓርብ ሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ ይመለስላታል፣
ጎመን ሆኖ፣ ሰላጣ ሆኖ፤
«ትኩስ ነው?» ብላ፣ ዋጋ ተከራክራ፣
ሎሚ ጨምቃበት ትበላዋለች።
ሌላ ሳጥን የለም። ወንዝ የሚለው ላይ ራይት አደረግሁ።

ቀጥሎ፦ የሚሳበው መጠን፣ ሊትር በሰከንድ።
እኔ ውሃን የማውቀው በቱፋ ነው፣ በአባ ውሃ፤
ሞተር ሳይመጣ፣ በቦይ ስንጠልፍ፣
አካፋውን አቁሞ ጥላውን በጠጠር ይለካ ነበር።
«ጥላው እዚች ሲደርስ የብርቄ ተራ አበቃ።»
የአማቹ ተራ የሆነ ቀን
ጠጠሯ በጫማው ጫፍ ትንሽ ፈቀቅ ትል ነበር።
አይተናል። ዝም ብለናል።
የአንዲት ጠጠር በደል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይሸከማል።

በኅዳር ባለሙያዋ መጣች፣ ሕሊና ትባላለች፣
ሱሪዋን እስከ ጉልበት ጠቅልላ ጭቃው ውስጥ ገባች።
ከቦርሳዋ ሎሚ አውጥታ ወንዙ ላይ ወረወረች፣
ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯ እየቆጠረ፤
እኔ ደግሞ ሎሚውን ተከትዬ ሮጥኩ፣
በዚህ የሎሚ ዋጋ!
ሳቀች። ሎሚው አረፋው ውስጥ ገባ፣ በዚያው ቀረ።
«አሥር ሜትር፣ አሥራ ስምንት ሰከንድ» ብላ ጻፈች፤
ቆይታ ቆይታ፣ እስክሪብቶዋን ከደነችና፦
«ያ ባለ ነጭ አጥር ፋብሪካ፣ ጋሼ፣
ስንት እንደሚስብ ያውቃሉ?»
አላውቅም አልኳት።
«እኔም አላውቅም። ቆጣሪው ተበላሽቷል ይሉኛል፤
ሎሚ እንዳልወረውር ደግሞ አጥሩ ረጅም ነው።»

ፈቃዱ ወጣ፤ ሐምሌ አጋማሽ፣ ሰማዩ እያንጎደጎደ፣
ወንዙ ማንንም ሳይጠይቅ ሁለት መደብ ይዞ ሲሄድ፣
የሽንኩርቴን አበባ እያሽከረከረ ወሰደ።
«ዜሮ ነጥብ ስምንት ሊትር በሰከንድ፣
ለአንድ ዓመት የሚያገለግል፣ ከጥር ወር ጀምሮ።»
ደገፋ በጣቱ ቆጠረ፤ ስድስት ወሩ አልቋል፣
የቀረውን ግማሽ ሰማዩ በነፃ ያጠጣል።

ማታ ለቱፋ አነበብኩለት፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል።
«ስጠኝ» አለና ወረቀቱን በመዳፉ አሻሸ፣
ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣
ቦይ እንደሚጠርግ ሰው፤
ማህተሙ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።
«ጠጠሯ ይቺ ናት?»
ናት፣ አልኩት።
«አሁን ማን ነው የሚገፋት?»